ከቢላዋው በኋላ ያሉት ሦስት ሰዓታት

ጥንቸል፣ የአይጥ ዘመዶች የሆኑት ጊኒ ፒግና ሃምስተር፣ እንዲሁም ትንሿ በቀቀን ባጀሪጋር በማደንዘዣ ሥር ከውሻና ከድመት በብዙ እጥፍ ይሞታሉ። ትንሽ መሆናቸው የምክንያቱ አንዱ ክፍል ብቻ ነው።

የጥንቸሏ ክብደት 2 ኪሎ ከ140 ግራም ነው። ነርሷ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሐኪሙ ይጽፋል፤ እሷም የጻፈውን አይታ ትደግመዋለች። መድኃኒት የሚሰላው ከዚህ በኋላ ነው። ማረጋጊያው፣ የሕመም ማስታገሻው፣ ልቧ ቢደክም የሚሰጣት የድንገተኛ መድኃኒት፣ ሁሉም በየሲሪንጁ ተቀድቶ፣ ስሙና መጠኑ ተለጥፎበት፣ ጥንቸሏ ገና ሳትተኛ ትሪ ላይ ይደረደራል። አንዳንዱ ሲሪንጅ የያዘው የአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነጥብ ያለ ቦታው ቢገባ እንስሳዋ የምታገኘው አሥር እጥፍ ነው።

የመጣችው ማህፀኗ ሊወጣላት ነው። ጤነኛ ናት፤ ገና አንድ ዓመቷ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ የጥንቸል ዝርያዎች አራት ዓመት ካለፋቸው እንስቶች ከግማሽ የሚበልጡት የማህፀን ካንሰር ስለሚይዛቸው፣ ሐኪሞች በወጣትነት ማምከንን ይመክራሉ። ስለዚህ ምንም ያልሆነች እንስሳ፣ ወደፊት እንዳትታመም ተብሎ፣ ዛሬ አደጋ ያለው እንቅልፍ ውስጥ ትገባለች። ሐኪሙን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው፤ የታመመች ጥንቸል ብትሞት በሽታው ይወቀሳል፤ ጤነኛዋ ብትሞት ግን የሚወቀስ ሌላ አይኖርም።

እንዲህ ያለውን ጠዋት ብሪታንያ ውስጥ ትንንሽ የቤት እንስሳትን በሚያክም በየትኛውም ጥሩ ክሊኒክ ማየት ይቻላል። ብሪታንያን የመረጥነውም ስለ እነዚህ እንስሳት ሞት ከሁሉ ቀድሞ በሰፊው የተቆጠረው እዚያ ስለሆነ ነው።

ቁጥሩ ምን አለ?

እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 ዴቪድ ብሮድቤልት የተባለ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቹ በ117 የብሪታንያ ክሊኒኮች ማደንዘዣ ወይም ማረጋጊያ የወሰዱ እንስሳትን ተከታተሉ። የቆጠሩት በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ባሉት 48 ሰዓታት ውስጥ የደረሰውን ሞት ነው። ውጤቱ በ2008 ሲታተም ውሾች 98,036፣ ድመቶች 79,178፣ ጥንቸሎች ደግሞ 8,209 ነበሩ። ከውሾቹ የሞቱት 0.17 በመቶ፣ ከድመቶቹ 0.24 በመቶ ናቸው። ከጥንቸሎቹ ግን 1.39 በመቶ ሞቱ፤ ከውሻ ስምንት እጥፍ ማለት ነው።

ወደ ትንንሾቹ ሲወረድ ቁጥሩ ይብሳል። አይጥ 2.01 በመቶ፣ ቺንቺላ 3.29፣ ሃምስተር 3.66፣ ጊኒ ፒግ 3.80። ባጀሪጋር የምትባለው ትንሿ በቀቀን 16.33 በመቶ ደርሳለች። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በጥናቱ የገቡት ባጀሪጋሮች 49 ብቻ ሲሆኑ የሞቱት 8 ናቸው። ሆኖም ቁጥሩ ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አንድ እንስሳ ግን ከዚህ ተራ ያፈነግጣል። ፌሬት የሚባለው፣ ከፋደት ብዙም የማይርቅ ቀጭን ሥጋ በል እንስሳ፣ ክብደቱ ከጥንቸል ያነሰ ሆኖ ሳለ የሞት መጠኑ 0.33 በመቶ ብቻ ነው፤ ከድመት እምብዛም አይርቅም። ጉዳዩ የክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፌሬት ከጥንቸል ብሶ መገኘት ነበረበት። ፌሬት ግን አፉ ይከፈታል፣ ጉሮሮው ይታያል፣ ቧንቧ ይገባለታል፣ ሲያቅለሸልሸው ያስታውካል። ውሻና ድመት ላይ የሠለጠነ ሐኪም እጁ የለመደውን ቢያደርግ አይሳሳትም። ጥንቸል ላይ ያንኑ ቢያደርግ ይሳሳታል።

ከጥናቱ ውስጥ ሁለት ነገሮች የሐኪሞችን አሠራር ለውጠዋል። አንደኛው፣ ከሞቱት ጥንቸሎች 64 በመቶዎቹ የሞቱት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሳይሆን ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ውስጥ። ስፌቱ አልቆ፣ ጋዙ ተዘግቶ፣ ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ ወደ ሌላ ታካሚ ከሄደ በኋላ ማለት ነው። ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የሞታቸው ምክንያት በውል አልታወቀም። ሁለተኛው፣ ጤነኛ ሆነው ከተኙት የሞቱት 0.73 በመቶ ሲሆኑ፣ ታምመው ከተኙት ግን 7.37 በመቶ መሞታቸው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ነው።

ጾም የማይሆንለት

ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትእዛዝ አለ፤ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተኛ ሰው ቢያስታውክ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ውሻና ድመትም በዚሁ ሥርዓት ይጾማሉ።

ጥንቸል ግን ማስታወክ አትችልም። የጨጓራዋ መግቢያ ወደ ላይ የሚመለስ ነገር አያሳልፍም። አይጥም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ የጥንቸል አንጀት ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ የምትበላውን ድርቆሽ የሚያብላሉት በትልቁ የአንጀት ከረጢቷ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው፤ እነሱም ያለማቋረጥ መመገብ አለባቸው። አንጀቱ አንድ ጊዜ ከቆመ ጋዝ ይሞላል፤ ጋዙ ያማታል፤ ሕመሙ ከምግብ ያስጠላታል፤ አለመብላቷ አንጀቱን ይብስ ያቆመዋል። ይህ አዙሪት በአንድ ቀን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ጥንቸሏ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድርቆሿ ከፊቷ አይነሣም። አፏ ውስጥ የቀረ ምግብ እንዳይኖር ብቻ ትንሽ ቀደም ብሎ ይነሣላታል።

ጊኒ ፒግ ላይ ደግሞ የአፍ ነገር ይከብዳል። ጉንጩ ውስጥ የታኘከ ምግብ ይዞ የመቆየት ልማድ ስላለው፣ ከመተኛቱ በፊት አፉን በውኃ ማጠብ የተለመደ ነው። ፌሬት በተቃራኒው ሊያስታውክ ስለሚችል ለጥቂት ሰዓታት ይጾማል፤ ጾሙ ቢረዝም ግን የደሙ ስኳር ይወርዳል። በዕድሜ የገፉ ፌሬቶች ብዙ ጊዜ ኢንሱሊን የሚያመነጭ ዕጢ ስለሚይዛቸው አደጋው የበለጠ ነው።

ትንፋሿን የምትይዝ

ሐኪሙ በጡንቻዋ የሰጣት መድኃኒት ሠርቷል። ጥንቸሏ አንገቷን ጣል አድርጋለች፤ ጆሮዎቿ ተረጋግተዋል። ያለዚህ ዝግጅት በቀጥታ የጋዝ ጭምብል አፍንጫዋ ላይ ቢደረግ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ፖል ፍሌክኔልና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ጥንቸል እንደ አይሶፍሉሬን ያለ የማደንዘዣ ጋዝ ሲሸታት ትንፋሿን ትይዛለች። ለጥቂት ሰከንድ አይደለም፤ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ሁለት ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። በዚያ መሐል የልቧ ምት ይወርዳል፣ በደሟ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። በመጨረሻ ስትተነፍስ ደግሞ አንድ ጊዜ በኃይል የምትስበው አየር የተከማቸውን ጋዝ ይዞ ይገባል። በፍርሃት የተለቀቀው አድሬናሊን ከዚህ ጋር ሲገናኝ ልብ ሊቆም ይችላል። ለማዳ ብትሆንም ተፈጥሮዋ የአዳኝ ሲሳይ የነበረች እንስሳ ነው፤ ፍርሃት ራሱ ይጎዳታል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያውቅ ክሊኒክ መጀመሪያ በመርፌ አረጋግቶ፣ ጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን አስተንፍሶ፣ ከዚያ ብቻ ወደ ጋዙ የሚሄደው።

ከመርፌዎቹ አንዱ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። ኬታሚን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተሠራው ይህ መድኃኒት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም የማደንዘዣ ባለሙያዎች የሚያውቁት የቆየ መድኃኒት ነው። ለጥንቸል ብዙውን ጊዜ ሜዴቶሚዲን ከሚባል ማረጋጊያ ጋር በትንሽ መጠን ይቀላቀላል። ሜዴቶሚዲን ማርከሻ ስላለው፣ ሥራው ሲያልቅ ሐኪሙ እንቅልፉን በመርፌ ማሳጠር ይችላል።

ከዚያ ከባዱ ሥራ ይመጣል። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ አፏ ጠባብና ረጅም፣ ምላሷ ወፍራም፣ የፊት ጥርሶቿም ደጃፉን የዘጉ ናቸው። የአየር ቧንቧዋ መግቢያ ወደ ውስጥ ስለሚርቅ በዓይን አይታይም። ሐኪሙ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ ውፍረቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ያስገባል። ጆሮውን ቱቦው ጫፍ ላይ አድርጎ ትንፋሿን ያዳምጣል። ድምፁ ጎላ ካለ መንገዱ ልክ ነው፤ ከጠፋ ወደ ምግብ ቧንቧ ሄዷል። አየር በሳበች ቅጽበት ቱቦውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ የቱቦው ውስጥ በትንፋሿ ጉም ሲለብስ ነርሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ካልገባ ግን ብልህ ሐኪም አይታገልም፤ ያበጠ ጉሮሮ ከነቃች በኋላ ሊያንቃት ይችላል። በጥንቸል ጉሮሮ ቅርጽ የተሠራና ከቧንቧው በላይ የሚቀመጥ ለስላሳ መሣሪያ አሁን ስላለ እሱን ይመርጣል።

ለሃምስተርና ለአይጥ ብዙውን ጊዜ ጭምብል ብቻ ነው የሚቻለው። የሃምስተር አንድ ትንፋሽ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ ጭምብሉ ራሱ ቢሰፋ እንስሳው ያወጣውን አየር መልሶ ይስበዋል። ስለዚህ አፍንጫውን ብቻ የሚያቅፍ ጠባብ ጭምብል ይፈለጋል።

ሙቀትና ደም

በስኒ የተቀዳ ቡና በጀበና ካለው ፈጥኖ ይበርዳል። የትንሽ እንስሳ ሰውነትም ከይዘቱ ይልቅ ለአየር የተጋለጠው ቆዳ ስለሚበዛ ሙቀቱን የሚያጣው በዚሁ ሕግ ነው። ማደንዘዣ በተለመደው ጊዜ ሙቀትን የሚጠብቀውን የአንጎል ክፍል ያስተኛል፤ የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል። በዚያ ላይ ሆዷ ይላጫል፣ በአልኮል ይታጠባል፣ ይከፈታል፣ የሚገባው ጋዝም ቀዝቃዛ ነው። የጥንቸል ጤነኛ ሙቀት ከ38.5 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከዚያ ሲወርድ ጉበት መድኃኒቱን የሚያስወግድበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ መንቃቷ ይዘገያል፤ አንጀቷም ይቆማል።

ስለዚህ ጥሩ ክሊኒክ ማሞቅ የሚጀምረው እንስሳው ሲበርደው ሳይሆን መርፌ ከተወጋበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ሞቃት አየር የሚነፋ ምንጣፍ ከሥሯ፣ ሙቀት የሚይዝ መጠቅለያ በእግሮቿና ብዙ ሙቀት በሚያመልጥባቸው ጆሮዎቿ ላይ። በአልኮል ፋንታ ለብ ያለ መታጠቢያ። ፀጉሩም ለቁስሉ ከሚያስፈልገው በላይ አይላጭም። የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ግን እላዩ ላይ አይደረግም፤ የተኛ እንስሳ ሲቃጠል አይሸሽም።

ደምም እንዲሁ በሚዛን ነው። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል ያላት ደም በጠቅላላ ከ110 እስከ 130 ሚሊ ሊትር ነው። 35 ግራም የምትመዝን ባጀሪጋር ያላት ደግሞ ሦስት ሚሊ ሊትር ትንሽ ብታልፍ ነው። ከዚህ አንድ አሥረኛው ሲፈስ ስድስት ጠብታ ገደማ ነው፤ ሰው ቆርጦት ቢደማ በጥጥ ጠርጎ የሚረሳው። እዚህ ግን ነርሷ እያንዳንዱን የደም ጥጥ በሚዛን ላይ ታኖራለች፤ አንድ ግራም የጨመረ ጥጥ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ጠጥቷል።

ሁሉን የሚያስተሳስረው ክትትሉ ነው። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ በየትንፋሹ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሳያል፤ ቱቦው ከቦታው ቢንሸራተት ሌላው ምልክት ከመታየቱ በፊት የእሱ መስመር ይወድቃል። ዶፕለር የሚባለው ትንሽ መዳሰሻ ደግሞ በጆሮ ወይም በእግር ደም ሥር ላይ ተደርጎ የደሙን ፍሰት ወደ ድምፅ ይለውጣል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያለ እንኳ፣ ልቧን ይሰማሉ። ለውሻ የተሠሩ አንዳንድ መሣሪያዎች በደቂቃ 250 ከሚያልፍ ምት በላይ ማንበብ አይችሉም፤ የአይጥ ልብ ግን ከ300 በላይ ይመታል። ማሽኑ «አላነበብኩም» ሲል ሐኪሙ «እንስሳው ደክሟል» ብሎ ቢሳሳት፣ ወይም ማሽኑ የግማሹን ቁጥር ሲያሳይ ቢያምነው፣ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ከጎኑ አንድ ሰው ይቆማል። ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ ቢላዋ አይይዝም፣ ስልክ አያነሣም።

ድያፍራም የሌላቸው

ወፎች ላይ የሰውነቱ ሥርዓት ራሱ ይለያል። ሳንባቸው እንደኛ አይነፋፋም፤ አየሩን የሚያንቀሳቅሱት በሰውነታቸው ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች ናቸው። ድያፍራም የላቸውም። ደረታቸው ሲወጣና ሲወርድ ይተነፍሳሉ። ስለዚህ ወፍን በእጅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ማነቅ ነው። በጀርባ ማስተኛትም ትንፋሹን ያዳክማል፤ ሥራው ቶሎ ማለቅ አለበት። የአየር ቧንቧቸው ቀለበቶች ድፍን ክብ ስለሆኑ በአየር የሚነፋ ቱቦ ቢገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የማይነፋ ቱቦ ነው የሚገባው። ከላይ የሚሸፈነው ጨርቅም የሚያሳይ ላስቲክ ይሆናል፤ የደረቱ እንቅስቃሴ ከታየ ወፉ አለ ማለት ነው።

ኤሊና እንሽላሊት ደግሞ ትዕግሥት ይፈትናሉ። ሙቀታቸውን ከአካባቢው ስለሚያገኙ በቀዝቃዛ ክፍል የተሰጣቸው መድኃኒት ሳይሠራ ይቆያል፤ የሚቸኩል ሐኪም ይደግማል፤ ክፍሉ ሲሞቅ ሁለቱም መጠኖች በአንድ ላይ ይደርሳሉ። ኤሊ ትንፋሹን ለረጅም ጊዜ ሊይዝ ስለሚችል በጋዝ ማስተኛት ከባድ ነው፤ በመርፌ ይጀመራል። ሲነቃ ደግሞ ለሌሎቹ ደግ የሆነው ንጹሕ ኦክስጅን ለእሱ ያዘገየዋል፤ በደሙ ኦክስጅን ሲበዛ የመተንፈስ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ ተራ አየር ይሻለዋል። ሞቷል ለማለትም አይቸኮልም። ልቡ ከመተንፈሱ መቆም በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊመታ ይችላል፤ ተቃራኒውም አለ፤ የማይንቀሳቀስና የማይተነፍስ የመሰለ ኤሊ ከሰዓታት በኋላ ሊነቃ ይችላል።

ባለውለታዎቹ

የማደንዘዣ ታሪክ ሲነሣ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ዊሊያም ሞርተን ኤተር ያስተነፈሰበትን ቀን ነው። ከዚያ 22 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ሄንሪ ሂል ሂክማን የተባለ የእንግሊዝ ገጠር ሐኪም በቡችሎችና በሌሎች ትንንሽ እንስሳት ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያስተነፈሰ ያለ ሕመም መቁረጥ እንደሚቻል ጽፎ አሳትሞ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። ከሞርተን በኋላ ደግሞ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የኤተርንና የክሎሮፎርምን ልክ ለማወቅ አይጦችንና ወፎችን በመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገብቶ የተለካ እንፋሎት ያስተነፍሳቸው ነበር። ብዙ ሰው ከማደንዘዣ ሞት የዳነው እነሱ ቀድመው ስለተኙ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውለታው ግን በቶሎ አልተመለሰም። አይጥና ጥንቸል ላይ የተገኘው እውቀት ለሰው ጥቅም ሲውል፣ የቤት ጥንቸል ግን ለብዙ ጊዜ እንደ ትንሽ ድመት ታከመች። መንገዱን ከከፈቱት መካከል የላቦራቶሪ እንስሳት ሐኪሞች ይገኛሉ። የፍሌክኔል የላቦራቶሪ እንስሳት ማደንዘዣ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በየቤቱ የሚኖሩትን ትንንሾች የሚያክሙ ሐኪሞችም ይጠቅሱታል።

ከሁሉ የቆየው ጥያቄ ሕመም ነው። ጥንቸል ሲያማት አትጮህም፤ አዳኝ ፊት የሚጮህ ሲሳይ ዕድሜ የለውምና። ዝም ማለቷ «አላመማትም» ተብሎ ተተርጉሞ ብዙ ጥንቸል ያለ ማስታገሻ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ሞጊል ቡድን የአይጥን ሕመም ከፊቷ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። በ2012 ደግሞ የኒውካስል ተመራማሪዎች ይህንኑ ለጥንቸል አደረጉ። ለመለያ ጆሯቸው ሲነቀስ ቀረጿቸው፤ አንዳንዶቹ ቀድሞ ቆዳ የሚያደነዝዝ ቅባት ተቀብተው፣ አንዳንዶቹ ሳይቀቡ። ከምስሉ አምስት ምልክቶች ወጡ፤ የዓይን መጥበብ፣ የጉንጭ መጉደል፣ የአፍንጫ ቅርጽ መሾል፣ የጢም አቅጣጫ፣ የጆሮ አቀማመጥ። ዛሬ ይህ ሰንጠረዥ በብዙ ክሊኒኮች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነርሶች ነጥብ ይሰጡበታል።

ሦስቱ ሰዓታት

ስፌቱ ከቆዳ በታች ተደብቆ አልቋል፤ የሚታይ ክር ቢኖር ጥንቸሏ ታኝከዋለች። ጋዙ ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሙያ የማይመስል ሙያ ነው። ነርሷ ቱቦውን የምታወጣው ጥንቸሏ ማኘክ ስትጀምር ነው። ከውሾችና ከድመቶች ድምፅና ሽታ ርቃ፣ ጨለም ባለና ሞቃት ቦታ ትቀመጣለች። ከጓደኛ ጋር የምትኖር ከሆነች ጓደኛዋ አብሯት ይመጣል። በየጥቂት ደቂቃው ሙቀቷ፣ ትንፋሿና የልቧ ምት ይጻፋል። የሚጻፈው ቁጥሩን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ የሚጽፍ ሰው ወደ እንስሳው መሄድ ግዴታው ስለሆነ ነው።

ከነቃች ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድርቆሽና የምትወደው ቅጠል ይቀርብላታል። ካልበላች የተበጠበጠ የሣር ምግብ በሲሪንጅ በአፏ ጎን በኩል ቀስ እየተባለ ይሰጣታል። ቤቷ የምትሄደው ስለ ተራመደች አይደለም፤ በልታ በጠጥ ስትጥል ነው። በጠጡ አንጀቷ መሥራት እንደ ጀመረ የሚታይ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። በሰው ሕክምና የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአንድ ገጽ የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር፣ ታንዛኒያ ውስጥ ያለችውን ኢፋካራን ጨምሮ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ውጤት መሠረት ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ አውርዷል። የብሪታንያ የእንስሳት ማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበርም ተመሳሳይ ዝርዝር ለእንስሳት አዘጋጅቷል። ኦክስጅኑ ሙሉ ነው? ቱቦው ተፈትሿል? ማን ነው የሚከታተለው? ከነቃች በኋላስ?

«ለአይጥ ደግሞ ኦፕራሲዮን?»

ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ በሚጠብቅበት፣ ድመት አይጥ በምታባርርበት ቤት ነው። በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ትምህርትም፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ቢሾፍቱ ላይ ኮሌጁ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ትኩረቱ በአብዛኛው ከብትና በግ፣ ፈረስና ዶሮ ላይ ነው፤ የአገሩ ኑሮም የሚጠይቀው እሱን ነው። ለንደን ወይም ቨርጂኒያ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት ግን አንድ ቀን ከልጇ ጋር ክሊኒክ ተቀምጣ፣ ሐኪሟ የምትለውን ልጇ እያስተረጎመላት ትሰማለች።

«እማዬ፣ ሆዷ ውስጥ እብጠት አለ ትላለች። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል።»

«ለአይጥ ደግሞ ኦፕራሲዮን?»

«አይጥ አይደለችም እኮ! ሃምስተር ናት።»

ሳቁ ካለፈ በኋላ ውሳኔው የእናት ነው፤ ገንዘቡም የሷ። እዚህ ላይ ማፈር አያስፈልግም። ሐኪሙን በቀጥታ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ዓይነት እንስሳ ምን ያህል ጊዜ አስተኝተዋል? በመርፌ ነው የምታስተኙት ወይስ በጋዝ ሳጥን ብቻ? እንስሳውን እንዲከታተል ብቻ የተመደበ ሰው አለ? ሲነቃ የት ነው የሚቀመጠው፣ ማን ያየዋል? ለሕመሙ ምን ትሰጡታላችሁ፣ ቤት ስንሄድስ? ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ ሆኖ «ከሌሊት ጀምሮ አታብሉት» የሚል መልስ ከመጣ፣ ክሊኒኩ እንስሳውን ከውሻ አልለየም ማለት ነው፤ ሌላ መፈለግ ይሻላል። በአሜሪካ በትንንሽ አጥቢ የቤት እንስሳት፣ በወፎችና በተሳቢዎች ለየብቻቸው የሚሰጥ የስፔሻሊስት ማዕረግ አለ፤ የጠየቀ ያገኛል። አንዳንዴም ትክክለኛው መልስ አለመቅደድ ነው። የሁለት ዓመት ሃምስተር ዕድሜውን ጨርሷል፤ እንዲህ ያለው ላይ ሕመሙን ማስታገስ ከቢላዋ የበለጠ ሕክምና ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ግን ክሊኒክ ከመድረሱ በፊት ነው። በጤነኛዋና በታመመችው ጥንቸል መካከል ያለውን አሥር እጥፍ ልዩነት የትኛውም ሐኪም ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ሊያጠፋው አይችልም። እነዚህ እንስሳት ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ «ትናንት ደህና ነበረች» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት ስትከሳ የቆየችውን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ በየሳምንቱ አስቀምጦ ግራሙን መጻፍ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ ነው። በጠጡ ካነሰ ወይም ከተለወጠ፣ ድርቆሹ ሳይነካ ካደረ፣ ጥንቸል ጥጋቷን ይዛ ከተኮራመተች፣ ሰኞ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ትወሰዳለች። ሐኪሙ ያን ቀን ከሚኖረው መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ሳትደክም የመጣች ታካሚ ናት።